ስለ ታጠበው ናሙና የቀረበ ምስጋና

ለጣሪያ ውበትና ተመሳሳይነት ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣
ውሃ በማያፈሰው ቢሮዎ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤን ሰብሬ አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ከሁሉም በላይ ያ ማኅተም ሲያነሳና ሲጥል የሚውለው ቀኝ ክንድዎስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ እኔና መቀሴም ደህና ነን፣ አማቴ እማማም ከራሳቸው በላይ ዣንጥላ ዘርግተው ተኝተው ከመሰንበታቸው በስተቀር ምንም አልሆኑም።

ማን እንደሆንኩ ቢጠፋብዎ አልቀየምም። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው ባለ አንድ ወንበር ጸጉር ቤት ባለቤት ነኝ። በዚህ ጎዳና በእጄ ያላለፈ ራስ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የቀረኝ የእርስዎ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ተስፋ አልቆረጥኩበትም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ፣ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። መምህራችን በመጨረሻው ቀን እጄን ጨብጠው «እንዳንተ ያለ ተማሪ ደግሞ አይገጥመኝም» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ፤ መለያየቱ ከብዷቸው መሆን አለበት። ለዚህ ያበቁኝ እማማ ናቸው። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ፊት ስታነብ ትውላለህ፣ የወረቀት ፊት ግን አይተህ አታውቅም» እያሉ በጀርባዬ ገፍተው አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። አንዲት ቃል ከዘለልኩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ» ይሉኛል። ሳይማሩ ዳኛ የሆኑ ሴት ናቸው።

ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዬን እንደከፈቱ «ይኸው ደግሞ አንድ ለማኝ» ብለው ከሆነ፣ ኧረ በጭራሽ። ልለምንዎ ሳይሆን ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ግን ብዙ ስለሆነ፣ እንዳይቀላቀልብዎ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ናሙናው አመሰግናለሁ። የድሮው ቆርቆሯችን ዝጎ ተበሳስቶ በጠራራ ፀሐይ ከዋክብት ሊያሳየን ጀምሮ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከመጮኹ የተነሳ እኔ ሳነብ እማማ «ምን አልክ?» እኔም «ምን አሉ?» ስንባባል እንመሻለን እንጂ ንባቡ ወደፊት አይሄድም ነበር። ስለዚህ ቆርቆሮውን አንስተን ሻጮች ሺንግል የሚሉትን፣ ሰፈራችን ግን እንደ ዓሣ ገላ ተደራርቦ ስለሚመታ ቅርፊት የሚለውን ክዳን ልናለብስ ቤተሰቡ ሸንጎ ተቀመጠ። እኔ የእንጨቱን ቅርፊት ወደድኩ፤ መልከ መልካም ነው። እማማ «ከእንጨት በታች የምተኛበት ቀን ይመጣል፣ ምን አስቸኮለህ?» ብለው ጣሉት። ባለቤቴ የሸክላውን አነሳች፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ክብደቱ ግን የጉድ ነው፤ ገና ስሙን ስንጠራው የቤታችን ወራጅ ሲጥ ያለ መሰለኝ። በመጨረሻ ጠጠር የተረጨበት የሬንጅ ቅርፊት ላይ ተስማማን። ቀላል ነው፣ ምስጥ አይበላውም፣ ዋናው ነገር ዝናብ ሲመታው አፉን ዘግቶ ይመታል።

ቀለሙን ለመምረጥ ግን አልደከምንም፤ እርስዎ መርጠውልናል። በመሥሪያ ቤትዎ የውጭ ግድግዳ ላይ የበር መዝጊያ የሚያክል ሰሌዳ፣ በላዩም ቅርፊቱ ተደራርቦ የተመታበት ናሙና እንዳለ ጎዳናው ሁሉ ያውቃል። ተቆጣጣሪዎ፣ ጣሪያ ሲያዩ ስለሚውሉ «ቀና በል» የምንላቸው፣ በዚሁ የተነሳ ከሁለት ቦይ ጎትተን ያወጣናቸው ደግ ሰው፣ «ናሙናውን እይና እሱን የመሰለ ግዛ» አሉኝ። እማማን ደግፈን፣ ሦስታችን ናሙናው ሥር ቆመን አየን። አመድማ ነበር፤ ትንሽ ወደ አህያ ሆድ የሚያደላ። ጎረቤቶቻችንም ሁሉ ይህንኑ አይተው ይህንኑ አልብሰዋል። እኛም ይህንኑ ገዛን። ድመቱ የምንለው ክዳን ሠሪ ወጣ፣ ቆርቆሮውን ገፈፈ፣ ከታች ወደ ላይ እየደራረበ መታ። የቀረው ከእማማ አልጋ በላይ ያለው፣ የበር መዝጊያ የሚያክል ቦታ ብቻ ነበር። እሱንም «ምሳ በልቼ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ወረደ።

ሁለተኛ፦ ናሙናውን ስላሳጠቡት አመሰግናለሁ። ድመቱ ምሳውን በሚበላበት በዚያው ሰዓት ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ መሥሪያ ቤትዎ ታጠበ። ደረጃው ታጠበ፣ መስኮቱ ታጠበ፣ ዘበኛው ሳይቀር ትንሽ ተረጨ። በመጨረሻም ናሙናው በሳሙና ታሸ። እኔ ደንበኛ አረፋ ቀብቼ በመስኮት አይ ነበር። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ወረደ፤ ቀጥሎ የአውቶቡሱ ጭስ፣ የመንገዱ አቧራ፣ የጣሪያ ሽበት የሆነው ሻጋታም ተከታትለው ወረዱ። ከዚያ ሁሉ በታች ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቀይ! ደማቅ፣ የበሰለ ቲማቲም የመሰለ፣ አፍሮ የማያውቅ ቀይ! ደንበኛዬ አረፋውን እንደተቀባ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ፤ እኔም ምላጬን እንደያዝኩ አጠገቡ ቆምኩ።

በሙያዬ ላስረዳዎ፣ ክቡር ሆይ። ደንበኛ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣና «እንደዚህ አድርገህ ቁረጠኝ» ይለኛል። እቆርጠዋለሁ። ቤቱ ገብቶ ፎቶግራፉን ሲወለውለው ቆሻሻ ኖሮበት ፀጉሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ ተመልሶ መጥቶ ፀጉሬን እንደ አዲስ አብቅልልኝ ይለኛል? አይለኝም። እንዲህ የሚል ደንበኛ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ነበር እስከዚያች ቀን ድረስ ዓለም የገባኝ የመሰለኝ። የዚህ ሁሉ ጎዳና ሰው ጠዋት ሕግ አክባሪ ሆኖ ወጥቶ፣ ምሳ ሳይበላ ሕግ አፍራሽ ሆኖ መግባቱ በእርስዎ ዘመን የታየ ተአምር ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ እግዱ አመሰግናለሁ። ቀና በል ሮጠው ደረሱና «የተከደነው ጊዜ ይሰጠዋል፣ ያልተከደነው ግን አመድማ አይመታበትም» አሉ። ያልተከደነው ደግሞ በዚህ ጎዳና ርዝመት የእማማ ቦታ ብቻ! «ኧረ ባክዎ፣ አሮጊት ከሥሩ ይተኛሉ» ብላቸው፣ ቀና ብለው ቀዳዳውን እያዩ «አይ፣ እይታው ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔ፣ ክቡር ሆይ፣ በሙያ ዘመኔ ግማሽ ጢም ላጭቼ «ግማሹ ታግዷል» ብዬ ደንበኛ አስነስቼ አላውቅም። ትልቅ ነገር ነው ያስተማሩኝ።

ዝናቡ መመሪያውን አላነበበ ኖሮ በማግሥቱ መጣ። ላስቲክ ወጥረን ነበር፤ ነፋሱ እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ለጎረቤት ሰጠው። አልጋውን ወደ ግድግዳ ብንስበው ውሃው ተከተለን፤ ወደ በር ብንስበው በሩ አልዘጋ አለን። ጓዳው እኔና ባለቤቴ ጎን ለጎን እንኳ የማንተኛበት ጠባብ ቢሆንም «ከእኛ ጋር ይሁኑ» ብንላቸው «እኔ አልጋዬን ለዝናብ ለቅቄ አልሸሽም» አሉ። ከዚያ ወዲህ እማማ ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ እኔ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ንባባችንን ቀጠልን። መጽሐፉ ሲረጥብ ገጹ ከገጽ ስለሚጣበቅ ታሪኩ እየዘለለ ይሄዳል። እማማም «ተመለስ» ይላሉ፣ እኔም የምመለስበት የለኝም። ብዙም ሳይቆይ በ«ተመለስ» መሃል ሳል ገባ።

አራተኛ፦ ይህንን ባለቤቴ አንብባ «ይሄን ካላወጣህ አብረህ ውጣ» ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። አቤት ብዬ በመጣሁ ጊዜ እውነተኛው የናሙና ቀለም ከመታጠቡ በፊት ያለው ነው ወይስ ከታጠበ በኋላ ያለው የሚለውን የሚመረምር ኮሚቴ እንደሚቋቋም ነገሩኝ፤ ተቋቋመም። ከጸጉር ቤቴ ሆኜ እንደ ቲያትር ተከታተልኩት። ጠዋት ወጥተው አዩና ቀይ ነው አሉ። ቀትር ላይ ወጥተው አዩና ብርቱካን ነው አሉ። ሲመሽ ወጥተው አዩና ጥቁር ሊሆን እንደሚችል አንድ አባል ሐሳብ አቀረበ። በመጨረሻም ቀለሙ «መጠነኛ ብርሃን ባለበት ቀን» ይታይ ብለው ወስነው ገቡ። መጠነኛ ብርሃን የሚኖረው ዝናብ ሊዘንብ ሲል ነው። ዝናብ ሊዘንብ ሲል ደግሞ ኮሚቴው እንዳይረጥብ አይወጣም። ይህን ያሰበ ጭንቅላት፣ ምን ዓይነት ፀጉር እንደሚያበቅል ለማየት ጓጉቻለሁ።

ስድስተኛ፦ ቀዩን ከገበያ ስላጠፉልን አመሰግናለሁ። እሺ ቀይ ይሁን ብዬ፣ ቢያንስ ለእማማ ቦታ የሚበቃ ቀይ ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ናሙናውን ሊያይ ከእኔ ጋር መጣ፣ እንደ ድሮ ወዳጅ ትክ ብሎ አየውና «ይሄማ አያቴ ይሸጠው የነበረው ነው፤ መመረት ካቆመ ዘመን ሆኖታል» አለኝ። ሌላውም ሻጭ ይህንኑ አለኝ። እንግዲህ ከሰማይ በታች ሕጋዊ የሆነ ቅርፊት ያለው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ተረጋገጠ፤ እሱም የእርስዎ ግድግዳ ላይ። ይህን ለቀና በል ብነግራቸው «ታዲያ ሕግ ማክበር ቀላል ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላለኝም።

ሰባተኛው ቀልድ የለበትም፤ ቢሆንም ከምስጋናዎቹ ተራ ወጥቶ እንዳይከፋው እዚሁ አስገብቼዋለሁ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ከሩቅ ሆና የእማማን ሳል ሰማች። ማን እንዳሰማት እንጃ፤ ሳል እግር አለው። «ጣሪያ የሌለው አማች እናቴን አያኖርልኝም፤ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ጣሪያው ያልተከደነ እንደሆነ ወስጃቸው እሄዳለሁ» ብላ ላከች። ሰው አማቱ ሊሄዱለት ነው ሲባል እንዲያዝን ደንቡ አይደለም ይባላል። ደንበኞቼም «እንኳን ደስ ያለህ» ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው፣ በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን ሲያዩ ከደኑት። እማማ ልብሳቸውን በነጠላቸው ቋጥረው አልጋው ራስጌ አስቀመጡና «ያቺን ገጽ እንኳ ጨርስልኝ፤ እዚያ ቤት የሚያነብ የለም» አሉኝ። ገጿ ረጥባ ነበር። ጨረስኳት፤ ከየት አምጥቼ እንደሆነ አይጠይቁኝ።

በማግሥቱ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ከናሙናው ሥር በመስታወት ተሸፍኖ የተለጠፈውን መመሪያዎን ቆሜ አነበብኩት። ከርዕሱ እስከ ማኅተሙ ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሸረሪቷም ተገርማለች። ግሩም ጽሑፍ ነው! በተለይ ሦስት አንቀጾቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። አንዱ፣ ከናሙናው ጋር አንድ ዓይነት ያልሆነ ክዳን በጣሪያ ላይ አይመታም ይላል። ሌላው፣ ናሙናው ለሕዝብ በጉልህ በሚታይ ከፍታ ላይ ይቀመጣል ይላል። ሦስተኛው፣ ጸድቆ የተመታ ክዳን ከናሙናው ጋር ተመሳክሮ ልዩነት ካልተገኘበት በቀር ማንም ሊያነሳው አይችልም ይላል። እነዚህን ካነበብኩ በኋላ ልቤ በእርስዎ ላይ የነበረው ቅሬታ ሁሉ ታጥቦ ወረደ፤ እንደ ናሙናው።

እነሆ የምስጋናዬ መደምደሚያ። ቅዳሜ ዕለት እህታችን መኪናዋን አስነስታ መጣች። ወርዳ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ቀዳዳ የለም! ገብታ አልጋውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። የእናቷን ግንባር ዳሰሰች፤ እማማም «እጅሽን አንሺ፣ እያነበበልኝ ነው» አሏት። የምትቆጣበት ነገር ፈልጋ ብታጣ፣ ቀለሙ ከሌላው ጣሪያ ጋር አይሄድም ብላ ተቆጥታ ሄደች። ያንኑ ቀን ቀና በል ወሬ ሰምተው እያለከለኩ ደረሱ፤ እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ፣ ዓይናቸውን አሹ፣ መሰላል ወጡ፣ ቅርፊቱን በጣታቸው አንኳኩ፣ ሚስማሩን ቆጠሩ። ከዚያም «ልዩነት የለውም! ቁርጥ ናሙናውን ነው! ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። «ከታወቀ ቦታ» አልኳቸው። ጸድቋል ብለው እዚያው መሰላሉ ላይ እንዳሉ ፈረሙልኝ፤ ሲወርዱ ግን ቀና እንዳሉ ስለነበር የመጨረሻዋን እርከን አላዩዋትም። አሁን ደህና ናቸው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚቀረኝ ዕድሜና ጤና መመኘት ብቻ ነው። ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ኮሚቴዎ አይበተን፣ ወንበርዎ እስከሚሰለቸው ድረስ ይሸከምዎ።

የትእዛዝዎ ተገዥ፣ የመመሪያዎ ብቸኛ አንባቢ፣ የማታው ትምህርት ቤት ኩራት፣ የእማማ አማች፣
የአውቶቡስ ማቆሚያው ጸጉር አስተካካይ
(ፊርማው የእጄ ነው፤ የአውራ ጣቴ አይደለም።)

ማስታወሻ፦ ናሙናውን ከግድግዳዎ ላይ ያጡት እንደሆነ አይደንግጡ፤ ከእማማ አልጋ በላይ ነው ያለው፤ ልክ የተሰፋለት ያህል ገጥሟል። ድመቱ ጠርዝ ጠርዙን ከዙሪያው ቅርፊቶች ሥር አስገብቶ መትቶታል፤ ጠብታ አያሳልፍም። ዘበኛዎን አይቆጡብኝ። ናሙናው በጉልህ በሚታይ ከፍታ ይቀመጥ የሚለውን አንቀጽ በጠራራ ፀሐይ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «እስቲ ድገመው» አለኝ፤ ደገምኩለት፤ የእርስዎን ግድግዳ አየ፣ የእኔን ጣሪያ አየ፣ መሰላሉን ያዘልኝ። ላንሳው ካሉ ደግሞ መጀመሪያ ከናሙናው ጋር ያመሳክሩትና ልዩነት ካገኙበት ይንገሩኝ። ቀለም ለመምረጥ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ደጃችን ክፍት ነው፤ ንባብ ላይ ከሆንን ግን ቆሞ ይጠብቅ። እንክብካቤውን ለእኔ ይተዉት፤ ቅጠሉን እጠርጋለሁ፣ አሸንዳውን አጸዳለሁ፣ ሬንጁ በሚለሰልስበት የቀትር ፀሐይ ማንንም አላስረግጠውም። ሳሙና ግን አያየውም። የአውቶቡሱ ጭስ እንደ ድሮው ቀስ እያለ አመድማ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ጎዳናችን በሙሉ ተመልሶ ሕግ አክባሪ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ረስቼ። ናሙናው ሲነሳ ከጀርባው ግድግዳዎ ላይ ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ለካ እሱን ሸፍኖ ኖሯል። በቀዳዳውም ከወንበርዎ ጀርባ ሆኜ አናትዎን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ክቡር ሆይ፣ መሃሉ ላይ ክዳኑ ሳስቷል። ወንበሬ ባዶ ነው፣ ይምጡ፤ የሚፈልጉትን ፀጉር ናሙና ይዘው ይምጡ፤ ነገር ግን እባክዎ፣ አስቀድመው ያሳጥቡት።